የግሩንቫልድ ዓይኖች

የኢየሩሳሌም ጎዳና ዋርሶ ውስጥም አለ። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ የከተማውን ካርታ ዘርግቶ ስሙን ሲነግረኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በ1774 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ወደ እኛው ስመለስ እናገራለሁ) ከከተማዋ ወጣ ብሎ «አዲሲቱ ኢየሩሳሌም» የሚባል የአይሁድ ሰፈር ተቆርቁሮ ነበር። ሰፈሩ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ፤ ወደዚያ ይወስድ የነበረው መንገድ ግን ስሙን እንደያዘ ቀረ። ዛሬ ትራም የሚመላለስበት፣ ሰው ሁሉ የሚጣደፍበት አውራ ጎዳና ነው። የዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም እዚያ ላይ ይገኛል። በ1930ዎቹ የተሠራ ግራጫ ሕንፃ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ከሥዕል ቤት ይልቅ የገንዘብ ሚኒስቴር ይመስላል።

ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ዝግ ነው። ሰኞ ሰኞ እንደሚዘጋ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ከአዲስ አበባ ተነስቼ፣ ለሥራ ክራኮቭ ሰንብቼ፣ በባቡር ዋርሶ የመጣሁት አንድ ሥዕል ለማየት ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ የራሴን ጥላ በመስታወቱ አየሁና ተመለስኩ። ማክሰኞ እንደተከፈተ ገባሁ።

ካፖርቴንና ቦርሳዬን አስረክቤ ትኬቴን እንደያዝኩ በተሳሳተ በር አመራሁ። ስህተቱ ግን ከጉዞው ሁሉ ያተረፈኝ ነው። ደብዘዝ ያለ ብርሃን ያለበት፣ ቤተ መቅደስ የሚመስል ክፍል ውስጥ ገባሁና የማውቃቸው ሰዎች ጠበቁኝ። ትልልቅ ዓይኖች። ፊት ለፊት ቆመው የሚያዩ ጻድቃን፣ መላእክት፣ ጳጳሳት። ለአፍታ ጎንደር ወይም ጣና ደሴት ላይ ያለሁ መሰለኝ። ሥዕሎቹ የመጡት ከሰሜን ሱዳን፣ ፋራስ ከሚባል ቦታ ነው። የአስዋን ትልቁ ግድብ ሲሠራ ቦታውን ውኃ ሊውጠው ስለነበር፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካዚሚየሽ ሚኻዎፍስኪ የሚባል ፖላንዳዊ አርኪዮሎጂስት የሚመራው ቡድን በአሸዋ የተሞላውን የኑብያ ካቴድራል ቆፍሮ አወጣው። ሥዕሎቹን ከግድግዳው ላይ እየላጡ አተረፏቸው። የተወሰነው ካርቱም ቀረ፤ ከ60 በላይ የሚሆነው ዋርሶ ገባ። ቅድስት ሐና ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «ዝም» የምትል ትመስላለች፤ ከሥዕሏ የተረፈው ፊቷና እጇ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከእሷ ራቅ ብሎ ጳጳሱ ጴጥሮስ አሉ፤ ጠይም ፊት፣ ደማቅ ልብስ፣ ከኋላቸው ስመ ሞክሼያቸው ሐዋርያው ጴጥሮስ ቆሞ ደግፏቸዋል። ስለነሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። እዚህ ያነሳኋቸው ዓይናቸው ከውስጤ ሳይወጣ ደረጃውን ስለወጣሁ ነው።

ላይኛው ክፍል ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ሥዕል አልመሰለኝም፤ አደጋ ነው የመሰለኝ። ልየው የመጣሁት የፖላንዳዊው ሰዓሊ የያን ማቴይኮ «የግሩንቫልድ ጦርነት» ቁመቱ 426 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 987 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት ሚኒባስ ታክሲ የአንዱ አፍንጫ የሌላውን ጭራ እስኪነካ ቢቆሙ ያን ያህል ይሆናሉ። ቁጥሩን ቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ፊቱ ሲቆሙ ግን ሌላ ነው። ፈረስ በፈረስ ላይ፣ ሰው በፈረስ ላይ፣ ፈረስ በሰው ላይ ተደራርቧል። አየር የለውም። በጊዜው የነበሩ ሃያሲያንም ይህንኑ ነው የወቀሱት፦ ተጨናነቀ፣ መተንፈሻ አጣን አሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን መርካቶ ያደገ ሰው ነኝና ግፊያውን ወደድኩት።

ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር ንጉሡን መፈለግ ነው። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ። ጋሼ የምለው አጎቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ፣ ከቸርችል ጎዳና የተገዛ የአድዋ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። እዚያ ሥዕል ላይ ማንም አይጠፋም። አጼ ምኒልክ በጥላ ሥር ዘውድ ጭነው በአንድ በኩል፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ፣ መድፉ ጋ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ነጋሪት መቺው ቦታው ላይ፣ ጣልያን በሌላ ወገን። ላይ፣ ሰማዩ ላይ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀስተ ደመና ከቦት ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ። ሥዕሉን ያላየ ሰው በስልክ ቢነግሩት እንኳ ማን የት እንዳለ ያውቃል። ማቴይኮ ጋ ግን አሥር ደቂቃ ቆሜ ንጉሡን አጣሁት።

መሃል ላይ ዓይንን የሚይዘው ሰው ቀይ የለበሰ፣ ጥሩር ያላጠለቀ፣ ሰይፉን ወደ ላይ የሰነዘረ ፈረሰኛ ነው። ንጉሡ እሱ ነው ብዬ ነበር። አይደለም። የሊቱዌንያው ልዑል ቪታውታስ ነው፤ የንጉሡ የአጎት ልጅ። ንጉሡስ? ክፍሉን የሚጠብቁት አሮጊት ወይዘሮ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ስንቆራጠጥ ያዩኝ ነበር። የፖላንድ ሙዚየሞች በእናቶች ነው የሚጠበቁት፤ ያለ እነሱ ፈቃድ የምትተነፍስ አይመስልህም። ተነሱና መነጽራቸውን አውልቀው፣ በመነጽሩ እጀታ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ሩቅ አመለከቱኝ። «ያጊየዎ» አሉ። ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም፤ እኔ ፖላንድኛ የለኝም፣ እሳቸው ሌላ የላቸውም። ወደ ጠቆሙኝ ስጠጋ፣ ኮረብታ ላይ፣ በፈረስ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በማታክል ቦታ፣ ድሉ የሱ የሆነው ንጉሥ ቭዋዲስዋፍ ያጊየዎ ቆሟል። የእኛ ሰዓሊ ንጉሡን እንዲህ ቢያሳንስ ሥዕሉን የሚገዛው አያገኝም ነበር።

ግሩንቫልድ ምንድን ነው ለሚል አንባቢ በአጭሩ፦ የቴውቶን ፈረሰኞች የሚባሉ፣ ነጭ ካባ ላይ ጥቁር መስቀል የሚያደርጉ ጀርመናውያን መነኩሴ ወታደሮች ባልቲክ ባሕር ዳርቻ ላይ የራሳቸውን አገር መሥርተው ነበር። ሰበባቸው አረማዊውን የሊቱዌንያ ሕዝብ ማጥመቅ ነው። በ1386 ግን የሊቱዌንያው ገዥ ያጊየዎ ራሱ ተጠምቆ፣ የፖላንድን ንግሥት አግብቶ፣ የፖላንድ ንጉሥ ሆነ። ሰበቡ አለቀ፤ የመሬት ጠቡ ግን አላለቀም። ሐምሌ 15 ቀን 1410 ሁለቱ ወገኖች ሜዳ ላይ ተገናኙ። ጠዋት የፈረሰኞቹ ጦር ጥሩሩን አጥልቆ ፀሐይ ላይ ሲጠብቅ ያጊየዎ ቅዳሴ ያስቀድስ ነበር ይላሉ ታሪክ ጸሐፊዎቹ። ትዕግሥታቸው ያለቀው ፈረሰኞች «መዋጊያ ካጣህ» በሚል ስላቅ ሁለት የተመዘዙ ሰይፎች ላኩለት። ይህን ሳነብ አድዋ ላይ የጦርነቱ ወሬ ሲመጣ ምኒልክና ጣይቱ ቅዳሴ ላይ ነበሩ የሚለው ትዝ አለኝ። ማታ ሲሆን የፈረሰኞቹ ታላቅ አለቃ ኡልሪኽ ፎን ዩንጊንገንና አብዛኞቹ ሹማምንቱ ሞተው ነበር።

አሁን ወደ እኛ አቆጣጠር ልመለስ ያልኩት ቦታ ደረስኩ። ሥዕሉ ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ በጣቴ ስቆጥር ነበር። በዚያ ዘመን አውሮፓም የዩልዮስን አቆጣጠር ነው የሚከተለው፤ ስለዚህ የዛሬውን ልዩነት ይዞ ሐምሌ 8 ማለት ስህተት ነው። በትክክል ሲሰላ ሐምሌ 21 ቀን 1402 ዓ.ም. ይሆናል። በ21! የማርያም ዕለት። የፖላንድ ሠራዊት ውጊያው ሊጀመር ሲል የዘመረው መዝሙር ስሙ ሲተረጎም «ወላዲተ አምላክ» ነው። የወጓቸው ፈረሰኞች ማኅበር ሙሉ ስም ደግሞ «በኢየሩሳሌም የሚገኘው የቅድስት ማርያም የጀርመን ቤት ወንድሞች» ነው። ሁለቱም እሷን እየጠሩ ነው የተጫረሱት። ያን ጊዜ ዙፋናችን ላይ የነበሩት አጼ ዳዊት ናቸው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት መልእክተኞቻቸው ቬኒስ ደርሰው ነበር። ዓለም ያን ያህል ተራርቆ አልነበረም።

ሰማዩ ላይ ያለውን ያስተዋልኩት ከዚህ በኋላ ነው። ከግርግሩ በላይ፣ ደመናው ውስጥ፣ አንድ ጳጳስ ተንበርክኳል፤ ቅዱስ ስታኒስላው ነው። ክራኮቭ ጳጳስ ሳለ በ1079 የገዛ አገሩ ንጉሥ ነው ያስገደለው፤ ዞሮ ዞሮ የፖላንድ ጠባቂ ቅዱስ ሆነ፤ ማቴይኮም ለሌላ ንጉሥ እንዲጸልይ ሰማይ ላይ አወጣው። ሳየው ሳቄ መጣ። የእኛ ጊዮርጊስ ነው። የክራኮቩ ሰዓሊ የአድዋን ሥዕል ሊያይ አይችልም፤ ሥዕሉን የጨረሰው በ1878 ነው፣ አድዋ ከ18 ዓመት በኋላ ነው የመጣችው። የእኛዎቹም የማቴይኮን አላዩም። ግን ሁለቱም ያንኑ ቦታ፣ ከጦሩ ጫፍ በላይ ያለውን ባዶ ሰማይ፣ ለቅዱሳቸው ሰጡ።

እዚህ ላይ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ከቪታውታስ በስተግራ፣ ነጭ ካባ ከጥቁር መስቀል ጋር፣ ፈረሱ ከሥሩ የከዳው፣ ወደ ኋላ የተለጠጠ ሰው አለ፤ ታላቁ አለቃ ኡልሪኽ። ሁለት እግረኞች ወጥረውታል፤ አንዱ የሰው ራስ ቆራጮች የሚያጠልቁትን ዓይነት ቆብ ደፍቶ መጥረቢያ ይዟል፣ ሌላው እርቃኑን በአውሬ ቆዳ ሸፍኖ ጦር ሰብቋል። ሁለቱም ጌቶች አይደሉም፤ ተራ ሰዎች ናቸው። ጦሩ፣ የሥዕል አዋቂዎች እንደሚሉት፣ በ1000 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ለፖላንድ ገዥ በስጦታ የሰጠው የቅዱስ ሞሪስ ጦር አምሳያ ነው፤ እንግዲህ የተሰጠው ጦር ለሰጪው ወገን ተመለሰለት ማለት ነው። እኔን ግን የያዘኝ ጦሩ አይደለም፤ የኡልሪኽ ፊት ነው። ዓይኖቹ ፈጠዋል። ትዕቢቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም፣ ሞቱ ግን ደርሷል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምታየው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል በጣም ሰው የሆነው እሱ ነው፤ ጠላትየው።

ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ያን የአድዋ ሥዕል እያየሁ አጎቴን የጠየቅኩት ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ ጣልያኖቹ ሁሉም አንዳይና ናቸው እንዴ?» እሳቸው ቡናቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «አይደሉም የኔ ልጅ። ሰዓሊው ነው እንዲህ ያደረጋቸው። ሰይጣንና ጠላት በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት እንዲያይህ አይፈቀድለትም።» እውነታቸውን ነው፤ የቆየው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ሕግ ጻድቁን በሙሉ ፊት፣ ኃጥኡን በጎን ያስቀምጠዋል። ይሁዳ በመጨረሻው ራት ላይ አንድ ዓይን ነው ያለው። ለዓመታት ይህ ልክ መስሎኝ ኖርኩ፤ አሁንም የጥንቱን ሰዓሊ አልወቅስም። እሱ የሚናገረው ማን የማን ወገን እንደሆነ ነው፤ ለዚያ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ሆኖም ማቴይኮ ለጠላቱ ዓይኖቹን መስጠቱን ቀላል ነገር አድርገን አንለፈው። እሱ ሲስል ፖላንድ የምትባል አገር ካርታ ላይ የለችም። በ1772፣ በ1793ና በ1795 ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተቃርጠው ጨርሰዋታል፤ ክራኮቭ የኦስትሪያ ነች። ፕሩሲያ ደግሞ የነዚያ ነጭ ካባ ለባሾች አልጋ ወራሽ ነኝ ባይ ናት። አገር የሌለው፣ ዓይኑ የደከመ፣ ክራኮቭ ፍሎሪያንስካ መንገድ ላይ ባለ ቤት ተወልዶ እዚያው ቤት የሞተ ሰው ነው ዓመታት ፈጅቶ የጠላቱን የሞት ፍርሃት እንደራሱ አድርጎ የሳለው። የተበደለ ሰው በበዳዩ ላይ እንዲህ ያለ ትኩረት ሲያደርግ ቂም ብቻ ሊሆን አይችልም። ወይም ቂሙ ጥልቅ ስለሆነ የሚሞተውን ሰው በደንብ ማየት ፈልጓል። የትኛው እንደሆነ ሥዕሉ ፊት ሁለት ሰዓት ተቀምጬም አልወሰንኩም።

ሥዕሉ ሲያልቅ የክራኮቭ ከተማ ምክር ቤት ለማቴይኮ በትረ መንግሥት ሸለመው። ንጉሥ የለምና እስከዚያው አንተ ግዛን እንደማለት ነው። ክራኮቭ ሳለሁ ቤቱን ባየሁ ጊዜ ስለዚህ አስቤ ነበር፤ የሰበሰባቸው አሮጌ ሰይፎችና አልባሳት መካከል ቆሜ፣ ለሰዓሊ በትር የሚሰጥ ከተማ ምን ዓይነት ከተማ ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሥዕሉ የራሱ ስደት ይመጣል። አንድ የዋርሶ ባለ ባንክ ገዛው፤ በ1902 የዋርሶ የሥነ ጥበብ ማኅበር እጅ ገባ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞስኮ ተወስዶ በ1922 ተመለሰ። በዚሁ ጦርነት፣ በነሐሴ 1914፣ ጀርመኖች የሩሲያን ጦር ምሥራቅ ፕሩሲያ ውስጥ ሲደመስሱ፣ ውጊያው ከዚያ ፈንጠር ብሎ የተካሄደ ቢሆንም «ታነንበርግ» ብለው ሰየሙት። ግሩንቫልድን በጀርመንኛ የሚጠሩበት ስም ነው፤ የ504 ዓመት ብድር ተከፈለ ማለታቸው ነው። ሊቱዌንያውያን ደግሞ ቃሉን ወደ ራሳቸው ቋንቋ መልሰው «ዣልጊሪስ»፣ አረንጓዴ ጫካ፣ ይሉታል፤ የካውናስ ከተማ ታዋቂ የቅርጫት ኳስ ክለብ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። አንድ ሜዳ፣ ሦስት ስም።

በመስከረም 1939 ናዚዎች ፖላንድን ሲወሩ ሥዕሉ ከሌላ የማቴይኮ ሥራ ጋር ተጠቅልሎ ከዋርሶ ወጣ። ሉብሊን ከምትባል ከተማ ደረሰ። ይህን ያህል ሸራ የት ይደበቃል? በትልቅ ሣጥን ተደርጎ መሬት ውስጥ ተቀበረ። ጀርመኖች አጥብቀው ፈለጉት፤ ለጠቆመ 10 ሚሊዮን ማርክ እንደተመደበ ይነገራል። የሚራብ ሰው በሞላበት ከተማ፣ ቦታውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ አንድም አልተናገረም። በጥቅምት 1944 ከጉድጓዱ ሲወጣ እርጥበት በልቶታል፤ ለዓመታት ታከመ። ዛሬም ከጎን ብርሃን ሲወድቅበት ቀለሙ እኩል እንዳልሆነ የሚያሳብቅ ቦታ ያየሁ መስሎኛል፤ ወይም የምፈልገውን ነው ያየሁት።

ሥዕሉ ፊት ሳለሁ የእኛው ቀብር ትዝ ብሎኝ ነበር። አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ያለውን የምኒልክን ሐውልት ጣልያን ነቅሎ ቀብሮት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። እዚያ ወዳጅ እንዲተርፍ ቀበረ፣ እዚህ ጠላት እንዲረሳ ቀበረ። ሁለቱም ወጡ።

ልወጣ ስል አንድ አስተማሪ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሕፃናት ይዛ ገባች። አንዱ ትንሽ ልጅ ጣቱን ዘርግቶ ቀጥታ ኮረብታው ላይ ንጉሡን አገኘው፤ እኔ በእርዳታ ያገኘሁትን እሱ በሰከንድ። አሮጊቷ ጠባቂ አዩኝና ፈገግ አሉ።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ሥዕሉ አሁንም ከሶፋው በላይ ነው፤ ጭስና ዓመታት ጊዮርጊስን ትንሽ አጥቁረውታል። ያየሁትን ነገርኳቸው። ስለ ኡልሪኽ ዓይኖች ስነግራቸው ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና «እሱ ሰዓሊ ግን ስሙ ታወቀ?» አሉኝ። ታውቋል፣ በትረ መንግሥትም ተሰጥቶታል አልኳቸው። ተነስተን ሥዕሉን አወረድን። ፊቱ ላይ ፊርማ የለም። ገልብጠን ጀርባውን አየን፤ በእርሳስ ዋጋው ብቻ ተጽፏል። እንደ በላቸው ይመር ያሉ ስማቸው የቆየልን ሰዓሊዎች አሉ፤ አድዋን ደጋግመው የሳሉት አብዛኞቹ ግን እንደዚህኛው ስም አልባ ናቸው። ቤታችሁ የአድዋ ሥዕል ካለ አውርዱና ጀርባውን እዩ። የሰዓሊው ስም ካለበት ደብተር ላይ ጻፉት፤ ከሌለበትና የሸጠላችሁ ሰው በሕይወት ካለ፣ ዛሬ ሄዳችሁ ጠይቁት።